የካርዲናሉ አትክልት ከመተከሉ በፊት

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የፋውንቴን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ይሄ ገነት የት ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በውስጥ መስመር ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ቲቮሊ ይባላል። ከሮም በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለት ዝነኛ ቦታዎች አሏት። ከኮረብታው ግርጌ ሜዳው ላይ የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ቪላ አለ፤ ጣሊያኖቹ ቪላ አድሪያና ይሉታል። ላይ ከተማው ውስጥ ደግሞ ቪላ ዴስቴ አለ። ሁለቱም የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1999፣ ሁለተኛው በ2001 ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የሚተረኩት ለየብቻ ነው። እኔ ግን አንዱን ሳያዩ ሌላው አይገባም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ከመጀመሪያው በተነቀለ እብነ በረድ ነው ያጌጠው።

አብሮኝ የሄደው የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። ሮም ከገባ ቆይቷል፤ አንድ አዛውንት ቤት ነው የሚሠራው፣ የሚያርፈውም እሑድ ነው። ያችን አንድ ቀኑን ለእኔ ሰጠኝ።

ሃድሪያን ሥልጣን የያዘው በ117 ነው፣ የሞተው በ138። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያሠራው ቪላ 120 ሄክታር ያህል ይሰፋል። ለኳስ ወዳዶቹ ልጆቼ፦ ከ160 በላይ የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ቤት ከምንለው ከተማ ብንለው ይቀላል። ንጉሡ ግዛቱን በእግሩ የዞረ ሰው ነበርና ያየውን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ሊያስቀምጥ ፈልጓል። ካኖፐስ የሚባለው ረጅም ገንዳ ስሙን ያገኘው እስክንድርያ አጠገብ ከነበረች የግብፅ ከተማ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ የቆሙት የሴት ቅርጽ ያላቸው ምሰሶዎች ደግሞ አቴና ያሉት ቅጂ ናቸው። በክብ ግንብና በውኃ የተከበበች ትንሽ ደሴትም አለች፣ ላይዋ ላይ ቤት የነበረባት። ያን ሁሉ ቪላ ሠርቶ ከቪላው የሚሸሸግበት ቦታ አስፈለገው ማለት ነው!

እኔን የያዘኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ከሥር የተቦረቦሩ መንገዶች አሉ፤ ባሮቹና ጋሪዎቹ ዕቃ ይዘው የሚመላለሱት በዚያ ነበር። ላይ የሚንሸራሸሩት እንግዶች እንዳያዩአቸው ነዋ። እነዚህ የአሠራር ሰነድ ላይ ስማቸው የማይገኝ ሰዎች ምሳ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ብቸኛ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ 1400 ዓመት ገደማ ዝለሉ።

ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ የሉክሬሲያ ቦርጂያ ልጅ ነው፣ በጣም ሀብታም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለመሆን ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1550 የቲቮሊ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ሮም ያጣውን ክብር እዚያ በአትክልት ሊያካክስ የፈለገ ይመስለኛል። ሥራውን ለፒሮ ሊጎሪዮ ሰጠው። ልብ በሉ፣ ይኸው ሊጎሪዮ ነው በዚያው ዘመን የሃድሪያንን ቪላ ሲቆፍር የነበረው። በአንድ እጁ ያጠናል፣ በሌላው ያወጣል። ሐውልቱና እብነ በረዱ ሽቅብ ወደ ካርዲናሉ ግቢ ተጫነ። በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዚያም ብዙው ተሸጦ ሄደ። (በነገራችን ላይ ወደ ቲቮሊ አውቶቡስ ለመያዝ የተሳፈርንበት ሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው ጣቢያ ያልፋል። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የነበረው እዚያ ጣቢያ አጠገብ ነው፤ በ2005 ነው አገሩ የገባው። የተነቀለ ድንጋይ ሁሉ አይመለስም፣ የኛው ግን ተመልሷል።)

አትክልቱ እውነትም ያስደነግጣል። ከቤተ መንግሥቱ በረንዳ ቁልቁል ስታዩት በእርከን በእርከን ይወርዳል፣ ሁሉም ውኃ ነው። ከ50 የሚበልጡ ፋውንቴኖች አሉ፤ አንድም ፓምፕ የለም! የአኒዬኔን ወንዝ ጠልፈው፣ ከተማው ሥር 600 ሜትር ያህል ዋሻ ቆፍረው አመጡት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። በሰከንድ እስከ 300 ሊትር ይገባል፤ 15 ጀሪካን በአንድ ሰከንድ ማለት ነው። የኛ ሰፈር ሰው በቧንቧ ወረፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆም አስቤ ዝም አልኩ። አንዱ ፋውንቴን ጭራሽ ኦርጋን ይጫወታል። ውኃው ወደ ዝግ ክፍል ሲወርድ አየር ይጨምቃል፣ አየሩ ቱቦዎቹ ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል። በ2003 ታድሶ እንደገና ይሠራል። ቆመን ሰማነው፣ ጓደኛዬ በስልኩ ቀዳው።

እና ያ ቁልቁለት መጀመሪያ ባዶ አልነበረም። ሰው የሚኖርበት፣ ቤትና የአትክልት ቦታ ያለው ሰፈር ነበር። ካርዲናሉ መሬቱን እየገዛ፣ ቤቱን እያፈረሰ፣ አፈሩን እየሞላ ነው እርከኑን የሠራው። የቲቮሊ ሰዎችም ዝም አላሉም፣ ከሰሱት። ካርዲናልን፣ አስተዳዳሪያቸውን! ተማሪ እያለን ስለ ሕዳሴ ዘመን ስንማር ሥዕሉንና ሕንፃውን እንጂ ክሱን የነገረን አልነበረም። እኔም ስለ ሕዳሴ ሳስተምር አሁን ክሱን እጨምረዋለሁ።

ይህንን ለጓደኛዬ የነገርኩት መቶዎቹ ፋውንቴኖች የሚባለው ረጅም መንገድ ላይ ነው። ውኃው ከግድግዳው በሦስት ደረጃ ይንፎለፎላል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ትንሽ ዝም አለና «የእማዬ ቤት የነበረበትም አሁን አበባ ተተክሎበታል» አለኝ። «ያምራል እኮ። ፎቶውን ልከውልኛል።»

እናቱ 40 ዓመት የኖሩበት ቤት የፈረሰው ባለፈው ዓመት ነው። አሁን ከከተማው ዳር ከልጃቸው ጋር ናቸው፤ ከዕድራቸው ግን ርቀዋል። እሱ በየወሩ ሲልክ የኖረው ብር ለዚያው ቤት ጣራና አጥር ነበር። «ተበሳጭተሃል?» አልኩት። «በምን? መንገዱ መሥራት ነበረበት። ብቻ ማንም ቁጭ ብሎ ከእሷ ጋር አልተነጋገረም።» እኔም ከተማ አይሠራ የምል ሰው አይደለሁም። አቧራ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ጥላና ውኃ ያለበት መናፈሻ ለልጆቼ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ የጠየቀው ግን መናፈሻውን አይደለም።

ካርዲናሉ በ1572 ሞተ፤ አትክልቱ እንደታሰበው ሁሉ አላለቀለትም ነበር። ከዚያ በወራሾች እጅ ሲዞር ቆየ፣ አንዳንዴም ተረስቶ ዱር ሆነ። መጨረሻ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰበብ ከኦስትሪያው ሀብስበርግ ቤተሰብ ወጥቶ የጣሊያን መንግሥት ንብረት ሆነ። ዛሬ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባል፣ የቲቮሊ ልጆችም በትምህርት ቤት ጉዞ እየመጡ ይሮጡበታል።

ለመሄድ ዕድሉ የሚገጥማችሁ ካላችሁ፦ ጠዋት በሃድሪያን ጀምሩ፣ ጥላ ስለሌለው እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል። ውኃና ዳቦ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ውጡና ቪላ ዴስቴን እዩ። የኦርጋኑን ሰዓት በር ላይ ጠይቁ፣ ቀኑን ሙሉ አይዘፍንም። የቀሩትን ፎቶዎች ነገ እለጥፋለሁ።