ጸሎተ ሃይማኖት ከኒቅያ እስከ አክሱም

በቅዳሴ ጊዜ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚያደርሱት ጸሎተ ሃይማኖት ለብዙዎቻችን ከሕፃንነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ነው። ነገር ግን ጆሮ የለመደውን ነገር ልብ ሳያስተውለው ማለፉ የተለመደ ነው። የዚህ ጸሎት ቃላት በአንድ ቀን ያለ ድካም የተጻፉ አይደሉም፤ ሊቃውንት የተከራከሩባቸው፥ ጳጳሳት የተሰደዱባቸው፥ ነገሥታትም የተለያዩባቸው ቃላት ናቸው። ክርክሩም ከሮማ ግዛት አልፎ እስከ አክሱም ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር። ስለዚህ የክርስትና መሠረታዊ እምነት በምን ሁኔታ በቃል እንደ ተወሰነና ይህም ነገር ከአገራችን ታሪክ ጋራ እንዴት እንደ ተገናኘ በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የእምነቱን መሠረት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በማለት ከፍለው ያስተምራሉ። እነዚህም ምሥጢረ ሥላሴ፥ ምሥጢረ ሥጋዌ፥ ምሥጢረ ጥምቀት፥ ምሥጢረ ቍርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። ቤት ያለ ዓምድ እንዳይቆም ሃይማኖትም ያለ እነዚህ አይጸናም ሲሉ ነው አዕማድ ያሏቸው። ከአምስቱ አራቱ በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ በግልጥ ተነግረዋል፤ ምሥጢረ ቍርባን ደግሞ ጸሎቱ በሚደርስበት በቅዳሴው ይፈጸማል። በ4ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ክርክር በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ ዓምዶች ላይ ነበር።

በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ቄስ ነበር። ይህ ሰው ከ318 ገደማ ጀምሮ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፥ ከፍጥረት ሁሉ የከበረ ቢሆንም እርሱ ራሱ ፍጡር ነው እያለ አስተማረ። ትምህርቱንም በዜማ አድርጎ በሕዝብ መካከል አሰራጨው። ሊቀ ጳጳሱ እስክንድሮስ ጉባኤ ሰብስቦ ቢያወግዘውም ነገሩ አልበረደም፤ ክርክሩ ወደ ሶርያና ወደ ታናሽ እስያ ተዛመተ።

በ324 ተቀናቃኙን ሊኪንዮስን ድል አድርጎ የሮማን መንግሥት ብቻውን የያዘው ታላቁ ቈስጠንጢኖስ በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ጥቃቅን የቃላት ጠብ ቈጥሮት ነበር። ሁለቱ ወገኖች እንዲታረቁ በኮርዶባው ኤጲስ ቆጶስ በኦስዮስ እጅ ደብዳቤ ላከ። ዕርቁ ባይሳካለት በ325 በታናሽ እስያ ባለችው በኒቅያ ከተማ ጳጳሳትን ሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡትን አባቶች ቍጥር 318 አድርጋ ታስባለች፤ እኛም ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው እነዚህን ነው። በጉባኤው የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ግን ከ250 የሚበልጡ ነበሩ ብሎ ጽፏል።

በጉባኤው ላይ ያጋጠመው ችግር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አባቶች ሃይማኖቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ብቻ ለመግለጥ ሲሞክሩ፥ የአርዮስ ወገኖች እያንዳንዱን ቃል ወደ ራሳቸው ሐሳብ እየተረጐሙ ይቀበሉት ነበር። ስለዚህ ወደ ሁለት ወገን ሊተረጐም የማይችል ቃል አስፈለገ። ይህም በግሪክኛ ሆሞኡስዮስ የተባለው ሲሆን፥ ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ ነው ማለት ነው። በግዕዙ ጸሎተ ሃይማኖት ይኸው ሐሳብ ዕሩይ በሚለው ቃል ተገልጧል። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም ተብሎ ቢነቀፍም፥ አባቶች ቃሉ ባይገኝ ምሥጢሩ አለ ብለው መለሱ። በመጨረሻም ከጳጳሳቱ መካከል ከአርዮስ ጋራ ጸንተው ውሳኔውን ያልተቀበሉት ሁለቱ የሊብያ ጳጳሳት፥ ሰኩንዶስና ቴዎናስ፥ ከእርሱ ጋራ ተሰደዱ።

አንድ ቃል ይህን ያህል ማከራከሩ ስለ ምንድን ነው? በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ የተገኘውና በ328 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ አትናቴዎስ በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት ምክንያቱን አብራርቷል። ወልድ ፍጡር ከሆነ ፍጡር ፍጡርን ከሞት ሊያድን አይችልም፤ ክርስቲያኖችም ለፍጡር እየሰገዱ ጣዖት አምላኪዎች መሆናቸው ነው፤ በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም የሚፈጸመው ጥምቀትም ትርጕሙን ያጣል። እንግዲህ ክርክሩ ስለ ሰው መዳን እንጂ ስለ ፊደል አልነበረም።

ጉባኤው ሲፈጸም ጠቡ የተፈጸመ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጉባኤውን የሰበሰበው ቈስጠንጢኖስ ራሱ አርዮስን ከስደት መለሰው፤ በ335 አትናቴዎስን ወደ ትሪየር አሳደደው። ልጁ ቆንስታንቲዮስ ደግሞ የኒቅያን ቃል የሚቃወሙትን ጳጳሳት ደገፈ። በ357 በሲርሚየም የተሰበሰቡት ጳጳሳት ስለ ባሕርይ የሚናገረው ቃል ፈጽሞ እንዳይነሣ እስከ ማዘዝ ደረሱ። አትናቴዎስ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ከ45 ዓመት ሹመቱ 17 ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው።

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችውም በዚሁ ዘመን ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ተረከው፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ወጣቶች መርከባቸው በቀይ ባሕር ጠረፍ ተይዛ፥ አብረዋቸው የነበሩት ሲገደሉ እነርሱ ተርፈው በንጉሡ ቤት አገለገሉ። ፍሬምናጦስ በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለክርስቲያኖቹ ጳጳስ እንዲላክላቸው ቢጠይቅ፥ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማን ይገኛል በማለት እርሱኑ ቀብቶ ላከው። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው እርሱን ነው።

በየካቲት 356 የቆንስታንቲዮስ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያን ከበው አትናቴዎስን ሊይዙት ሲሉ አምልጦ በበረሓ ተሸሸገ፤ በመንበሩም ጊዮርጊስ ዘቀጰዶቅያ ተተካ። ቄሣሩ ይህን ብቻ አድርጎ ዝም አላለም፤ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ የተሾመው በአትናቴዎስ ስለ ሆነ፥ ወደ ግብፅ ተልኮ በጊዮርጊስና በጳጳሳቱ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር ጠየቀ። ይህ ደብዳቤ ጠፍቶ ያልቀረው ራሱ አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ገለበጠው ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ኢዛናንና ሳይዛናን በትውፊታችን አብርሃና አጽብሓ ከሚባሉት ነገሥታት ጋራ ያዛምዷቸዋል።

የደብዳቤው ፍሬ ምን እንደ ሆነ የኋላው ታሪክ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጠበቀችው የኒቅያን ሃይማኖት ነው፤ ከአትናቴዎስ መንበርም ጋራ በ1959 የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘችበት ጊዜ ድረስ ተሳስራ ኖራለች። የኢዛና ገንዘቦችም ለውጡን ያሳያሉ፤ በቀደሙት ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በኋለኞቹ በመስቀል ተተክቷል። በቀደሙት የድንጋይ ጽሑፎቹ ማሕረም የተባለውን አምላክ ሲጠራ የነበረው ንጉሥ፥ በአንድ የግሪክኛ ጽሑፍ አብን፥ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል።

በ381 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች የኒቅያን ውሳኔ አጸኑ። ስለ መንፈስ ቅዱስ፥ ስለ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ አንዲት ጥምቀትና ስለ ሙታን ትንሣኤ የሚናገረውም ክፍል በዚህ ጉባኤ ስም ይጠራል። ጸሎተ ሃይማኖትም ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የንጉሥ ሥልጣን ጉባኤ ሊሰበስብና ጳጳስ ሊያሳድድ ቢችልም እምነትን በልብ ሊተክል ወይም ከልብ ሊነቅል የማይችል መሆኑን ነው። የኒቅያ ቃል በቄሣር ፈቃድ ተሰብስበው ተጻፈ፥ በቄሣር ፈቃድ ግን አልጠፋም፤ ያቆዩት ምሥጢሩን ተረድተው ለሌላው ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ መምህራን ጸሎቱን ለተማሪዎች በቃል ሲያስጠኑ ታሪኩንም ቢጨምሩላቸው፥ ተማሪውም ዕሩይ የሚለውን ቃል ባነበበ ጊዜ ስለ ምን እንደ ተጻፈ ቢጠይቅ፥ ከአፍ የማያልፍ የነበረው ንባብ ወደ ልብ ይደርሳል ብለን እናምናለን።