ቃል መግባት በእንግሊዝ ፍርድ ቤት

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በጽሑፍ ያልሰፈረ ዕዳ የተጠየቀ ሰው «የለብኝም» ብሎ ምሎ ነፃ ሊወጣ ይችል ነበር። መሐላው እውነት ነው ብለው አብረውት የሚምሉ 11 ሰዎች ይዞ ከቀረበ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት መንደር በሐሰት መማል ያስፈራል። በለንደን ግን ለገንዘብ የሚምሉ ሰዎች ስለተገኙ ባለገንዘቡ በደሉን ተሸክሞ ይመለስ ነበር።

በ1602 እ.ኤ.አ. የስሌድ ጉዳይ ይህን ለወጠ። ስሌድ ማሳ ላይ የቆመ እህል በ16 ፓውንድ ሸጦ ገዢው ክፍያውን ከለከለው። ዳኞቹ ውል የገባ ሰው ለመክፈልም ቃል እንደገባ ይቆጠራል አሉ። ከዚያ ወዲህ የተከሳሽ መሐላ ብቻውን ከዕዳ አላዳነም። በ1677 ደግሞ ለሌላው ዕዳ ዋስ መሆን በጽሑፍና በፊርማ ካልተረጋገጠ በፍርድ ቤት እንዳይጸና ፓርላማው ደነገገ።

ከሁሉ የሚደንቀው የ1892ቱ ፍርድ ነው። አንድ ኩባንያ በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት ሲሸጥ፣ በታዘዘው መሠረት በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ አወጀ። አንባቢው እንዲያምነውም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን ጨመረበት። ሉዊዛ ካርሊል እንደታዘዘው ተጠቅማ ታመመችና ከሰሰች። ኩባንያው ነገሩ የማስታወቂያ ማጋነን እንጂ ውል አይደለም ብሎ ተሟገተ። የይግባኝ ዳኞቹ ግን ባንክ የገባው ገንዘብ ቃሉ የምር እንደነበር ያሳያል ሲሉ፣ በትክክል፣ ፈረዱላት።