የሕግ ሰው በሥልጣን ላይ፦ አክሊሉ ሀብተ ወልድ እና የጭላሎ ጭሰኛ



የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከፓሪስና ከኒውዮርክ አንጻር ነው። እኔ ዛሬ የሰውየውን ሥራ ከዚህ ከበቆጂ ሆኜ ልመለከተው እወዳለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ የአንድ የሕግ ሰው ችሎታ ባሸነፈበት ችሎት ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ ሕግ ማውጣት በተሳነው ስፍራም መመዘን አለበት። ያ ስፍራ ደግሞ በአመዛኙ ጭላሎ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ሕግ አጠኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር በዚያው በፓሪስ ነበሩ፤ በሌጋሲዮናችን ውስጥም እየሠሩ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለውጭው ዓለም ከሚያስረዱት አንዱ ሆኑ። ጦር የሌለው፣ መሬቱ የተያዘበት መንግሥት የቀረው መሣሪያ የውል አንቀጽ ብቻ በነበረበት ሰዓት የሙያ ትምህርታቸውን በተግባር ማዋል ጀመሩ ማለት ነው። በእኔ ግምት የኋላ አካሄዳቸውን ሁሉ የቀረጸው ይህ ጊዜ ነው።

ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። በሰኔ 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። በማግሥቱ ዓመት በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የአገራቸውን አቤቱታ አቀረቡ፤ በኋላ የተፈረመው ውልም ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገደደ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከጎናቸው ያልተለየው ጆን ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ ነበር። የኤርትራ ጉዳይ ብዙ ከተጓተተ በኋላ፣ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። አክሊሉ በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ይህን ድል ማቃለል አይቻልም። ታላላቆቹ መንግሥታት አገሪቱን ሊከፋፍሏት ያስቡ ነበር፤ ደካማው ወገን ግን በክርክር ረታ።

ነገር ግን ውሳኔው ሁለት ፊት ነበረው። ለኢትዮጵያ የባሕር በር ሲሰጥ፣ ለኤርትራ የራሷን ምክር ቤት፣ የራሷን አስፈጻሚና ፍርድ ቤት ሰጥቷል። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ፤ የሰነዱን እያንዳንዱን አንቀጽ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ባለሥልጣን የነበረ አይመስለኝም። «ንጉሠ ነገሥቱ ፈቀዱ፤ እርሳቸው ምን ያድርጉ?» የሚለውን መከራከሪያ ከተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ ግን የሕግ ባለሙያን ከተራ ሹም የሚለየውን ነገር ያስቀራል።

ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን የያዙት በ1953 ዓ.ም.፣ ታላቅ ወንድማቸው አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የተገደሉበት የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። እንግዲህ ወደ እኛ አገር ነገር ደረስን።

በአርሲ የመሬቱ ጥያቄ ከሁሉ በፊት የጭሰኝነት ጥያቄ ነበር። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደር ተደልድሎ ስለነበር፣ ብዙው አራሽ በእኩል ወይም በሌላ የምርት ድርሻ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ሕጉ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ የተሳሳትሁ ይመስላቸዋል። ጣሪያው ያ ነበር፤ ከጣሪያውም በታች ቢሆን ጭሰኛው በቃል ውል ስለሚያርስ፣ ባለመሬቱ «ልቀቅ» ባለው ጊዜ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

በ1960 ዓ.ም. መባቻ ላይ በስዊድን እርዳታ በጭላሎ አውራጃ፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር መጣ። ምርት አደገ። ከዚያ የሆነው ግን የታቀደው አልነበረም፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለመሬቱ ከጭሰኛ ጋር ከመካፈል ይልቅ በትራክተር ማረስን መረጠ፤ ኪራይ ናረ፤ ብዙ ቤተሰብ ተነቀለ። ለትንሹ ገበሬ የታሰበውን ብድር ለማግኘት እንኳ ጭሰኛው የተፈረመ የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ውሉን የሚፈርመው ደግሞ ባለመሬቱ ነው። ስዊድኖቹ የጭሰኛ ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ወተወቱ። መንግሥትም ባለመሬትንና ጭሰኛን የሚመለከት ረቂቅ ለፓርላማው አቀረበ። በሁለቱም ምክር ቤቶች ባለመሬቶች ብርቱ ስለነበሩ ረቂቁ ተንከባለለ፤ ዓመታት አለፉ፤ አዋጅ ሳይሆን ቀረ።

እዚህ ላይ ፍርዴን በግልጽ እናገራለሁ። አክሊሉ ለጭሰኛው ጠላት ነበሩ የሚሉ አሉ፤ አይመስለኝም። ካቢኔያቸው ረቂቁን አቅርቧል። ነገር ግን በፓሪስና በኒውዮርክ ለአንዲት ድምፅ ሲሉ ስንቱን መልእክተኛ ያግባቡ የነበሩት ሰው በአዲስ አበባው ፓርላማ ያንኑ ትጋት አላሳዩም። በውጭ አገር ከኋላቸው አገር ነበር፤ በአገር ውስጥ ፓርቲም፣ መራጭ ሕዝብም አልነበራቸውም። ሥልጣናቸው በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር። ባለመሬቱን ሊጋፉት ቢነሡ በምን ይቆማሉ?

የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ መምህራኑና የታክሲ ነጂዎች በተነሡበት ሰሞን ከነካቢኔያቸው ከሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። በእስር ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ማስታወሻ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሟል፤ የሕግ ተማሪዎች እንድታነቡት እመክራለሁ። የኮሚሽኑ ሥራ ሳይቋጭ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት መካከል አክሊሉ ይገኙበታል። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም።

የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት የሚያደርገውን አዋጅ አወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ረቂቁን ዓመታት ያንከባለለው ፓርላማ አስቀድሞ ተበትኖ ስለነበር የተከራከረበት ምክር ቤት የለም። አዋጁን ወደ ገጠሩ ወርደው ለገበሬው ያነበቡት በአብዛኛው የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ማለትም በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው።