«እሱ ነው የጻፈው»፦ ኮድ ትናንት በማን ተጻፈ፣ ነገስ?

ባለፈው ዓመት የተመራቂ ተማሪዎችን ፕሮጀክት እንድገመግም ተጋብዤ ነበር። አንዱ ተማሪ ይዞ የቀረበው ለዕድር የሚሆን የወርሃዊ መዋጮ መመዝገቢያ ነው። መልኩ ያምራል፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። እስቲ ልሞክረው ብዬ የክፍያውን ቀን «ጳጉሜን 10» ብዬ አስገባሁ። ዝም ብሎ ተቀበለኝ! አጠገቤ የነበሩት መምህር «ይሄ ቀን ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኛን አየና «እሱ ነው የጻፈው» አለ። እሱ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ነው።

ሁላችንም ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እኛ ኮድ በወረቀት ላይ እየጻፍን የተፈተንን፣ አንዲት ሴሚኮለን ረስተን ማርክ የተቀነሰብን ሰዎች ነን። ያ ሁሉ ልፋት ሊቀር ነው ማለት ነው? ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ግሬስ ሆፐር ለዩኒቫክ ኮምፒውተር «ኤ-ዜሮ» የተባለውን ሥርዓት ሠሩ። ቀድሞ ተጽፈው በቴፕ ላይ የተቀመጡ የፕሮግራም ቁራጮችን በመለያ ቁጥራቸው እየጠራ ራሱ ያገጣጥማቸው ነበር። ይህን የመሰለው ሥራ በዚያ ዘመን «አውቶማቲክ ፕሮግራሚንግ» ይባል ነበር። ስሙን ልብ በሉልኝ። በ1954 በአይቢኤም የጆን ባከስ ቡድን ስለ ፎርትራን ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ኮድ መጻፍና ስህተት መልቀም ከሞላ ጎደል ይቀራል ብሎ ተስፋ ሰጠ። ፎርትራን በ1957 ወጣ፤ ሰው ቀመሩን ሲጽፍ ኮምፓይለሩ ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይርለታል። ቀጥሎ በ1959 ዲዛይኑ የተጀመረው ኮቦል መጣ፤ አረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛ ስለሚመስል የቢሮ ኃላፊ እንኳ አንብቦ እንዲረዳው የታሰበ ነበር።

ታዲያ ስህተት መልቀም ቀረ? የት ይቀራል! ሸክሙ ሲቀልለት ሰው ከበፊቱ የገዘፈ ነገር መሥራት ጀመረ። በ1968 ጀርመን ጋርሚሽ ላይ በኔቶ ድጋፍ በተካሄደው ጉባኤ ባለሙያዎቹ የተወያዩት ስለ «ሶፍትዌር ቀውስ» ነው፤ ትልልቅ ፕሮግራሞች ይዘገያሉ፣ ከተያዘላቸው ገንዘብ በላይ ያስወጣሉ፣ ስህተትም ይበዛባቸዋል። የጉባኤውን ሪፖርት ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዱ ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ነበሩ። እኚሁ ሰው በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ቁም ነገር አስቀመጡ፦ የፕሮግራም ዋናው ነገር የተጻፈው ኮድ አይደለም፤ በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው። ግንዛቤው ያላቸው ሰዎች ከተበተኑ ፕሮግራሙ ቢሠራም ሞቷል፤ በአግባቡ ሊያሻሽለው የሚችል የለምና።

የእኛን ተማሪ ነገር የማየው በዚህ ዓይን ነው። ጂትሐብ ኮፓይለት በ2021 ለሙከራ ሲቀርብ፣ ቻትጂፒቲም በኅዳር 2022 ሲመጣ፣ የድሮው «አውቶማቲክ ፕሮግራሚንግ» ተስፋ እንደገና ተነሣ። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኮምፓይለር በተወሰነ ሕግ የሚተረጉም ነው፤ ለዚህ ነው የሚያወጣውን የማሽን ኮድ ማናችንም ቁጭ ብለን የማናነበው። አዲሱ መሣሪያ ግን ከተማረው ብዙ ኮድ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን የሚገምት ነው። አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከተማረው ውስጥ እጅግ የሚበዛው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚሠራ ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ስድስት ቀን መሆኗን የሚያውቅ ሰው ካላነበበለት፣ እሷንም እንደ እኅቶቿ ሠላሳ ቀን ቢሰጣት ምን ይገርማል?

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ በተጀመረበት ዘመን የግዕዝ ፎንቶች የየራሳቸው አመዘጋገብ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር፤ ብዙዎቻችን ደርሶብናል። ነገሩ መስመር እየያዘ የሄደው ፊደላችን በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ለዚያ ኮምፒውተርንም ፊደልንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። ለመምህራን የምለው፣ መሣሪያውን መከልከል አያዋጣም፤ ተማሪው ግን ያቀረበውን ኮድ ፊት ለፊት ቆሞ ያስረዳ፣ እዚያው ለውጥ ሲታዘዝ ይለውጥ። ለእኛ ለቀጣሪዎቹ ያለኝ ቃል ከበድ ይላል። ስንቀጠር የተሰጡንን ጥቃቅን ሥራዎች አስታውሱ፤ ሪፖርት ማስተካከል፣ የሌላ ሰው ስህተት መፈለግ። ሥራውን የለመድነው በነሱ ነው። ዛሬ መሣሪያው ቶሎ የሚወስደው እነዚህኑ ነው። «ማሽኑ ይሠራዋል» ብለን አዲስ ተመራቂ መቅጠር ካቆምን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የማሽኑን ሥራ አንብቦ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል አንጋፋ ባለሙያ ከየት እናመጣለን?

ያ ተማሪ አንድ ሳምንት ተሰጥቶት ተመለሰ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው መቼ እንደሆነ ጠየቅነው፤ ሳያመነታ መለሰ፣ ኮዱ ውስጥ የት እንዳስቀመጠውም በጣቱ አሳየን። መሣሪያውን አሁንም ተጠቅሟል፣ አልደበቀንም። መምህሩ በመጨረሻ «ማነው የጻፈው?» ሲሉት ፈገግ አለና «አብረን ነው፤ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላቸው። አሳለፍነው።