ፍሪሲዮንና ማርሽ ሲዋዋሱ፤ በድሮ ባለሦስት እግር ሞተሮች ምን ከምን ይገጥማል?

በአገራችን «ባጃጅ» የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም መሆኑ ተረስቶ የባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ሁሉ መጠሪያ ከሆነ ሰነባብቷል። የተሽከርካሪው የዘር ሐረግ ግን የሚመዘዘው ከጣሊያን ነው። የፒያጆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 «ቬስፓ» (ተርብ) የተባለውን ስኩተር ካወጣ በኋላ፣ በ1948 ደግሞ በዚያው ሞተር ላይ ተመሥርቶ «አፔ» (ንብ) የተባለውን ባለሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ለገበያ አቀረበ። የሁለቱም ንድፍ የመሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው።

ባጃጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፒያጆ ፈቃድ ማምረት ጀመረ። ፈቃዱ በ1971 ካበቃ በኋላም በራሱ ስም ቀጠለ። በ1972 የወጣው «ቸታክ» ስኩተር ሲሊንደር 57 ሚሊ ሜትር ስፋትና 57 ሚሊ ሜትር የፒስተን ምት ነበረው፤ ይህም 145.45 ሲሲ ይሰጣል። የቬስፓ ስፕሪንት ልክም ይኸው ነው። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት ባለሁለት ምት የባጃጅ ሪክሾም በዚሁ ልክ ተሠርቷል።

ይህ ዝምድና በጣሊያን፣ በህንድም ሆነ በሌሎች አገሮች የድሮ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን ለሚጠግኑና ለሚሰበስቡ ሰዎች በጎም ክፉም ሆኗል። በጎነቱ መለዋወጫ ከዘመድ ሞተር መዋስ መቻሉ ነው። ክፋቱ ደግሞ ተመሳስለው የሚታዩ ዕቃዎች ሁልጊዜ አለመግጠማቸው ነው።

ፍሪሲዮንና ማርሽ ለምን አይነጣጠሉም?

በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮን ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በቬስፓ ቤተሰብ ሞተሮች ግን ፍሪሲዮኑ በቀጥታ በኮሎው ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ዘይት ውስጥም ይሠራል። ኃይሉን የሚያስተላልፈው ትንሹ ጥርስ የፍሪሲዮኑ አካል ነው። ይህ ጥርስ ትልቁን የመጀመሪያ ማርሽ ያዞራል፤ ትልቁ ማርሽም በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ባለአራት ማርሽ ዘንግ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ፍሪሲዮን የለወጠ ሰው ሳያውቀው የተሽከርካሪውን ፍጥነትና ጉልበትም ሊለውጥ ይችላል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከወጡት የፒኤክስ ሞተሮች ምሳሌ እንውሰድ። የ125 ሲሲው ትንሹ ጥርስ 20፣ ትልቁ 68 ነው፤ ትንሹ 3.40 ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የ150 ሲሲው 21 ለ68 ሲሆን ስሌቱ 3.24 ይሆናል። የ200 ሲሲው ደግሞ 23 ለ65፣ ማለትም 2.83 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፍጥነት ይጨምራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ከ150 ሲሲው ወደ 200 ሲሲው ጥንድ የተሸጋገረ ሰው ጎማው ላይ ከሚደርሰው ጉልበት 13 በመቶ ያህል ያጣል። ለአንድ ሰው ስኩተር ይህ ላይሰማ ይችላል። ሦስት ተሳፋሪ ወይም ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ባለሦስት እግር ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ እንዲቃጠል መንገድ መክፈት ነው።

ጥንዱን መለያየት

በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ትንሹን ጥርስ ብቻ መለወጥ ነው። የ200 ሲሲው ባለ23 ጥርስ በባለ68ቱ ላይ ሲገጠም ክዳኑ ይዘጋል፣ ሞተሩም ይነሳል። ይሁን እንጂ ባለ23ቱ የተቀረጸው ለባለ65 ነው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አይለወጥም። ጥርሶቹ በትክክል ስለማይነካከሱ በመጀመሪያ ማፏጨት፣ ቀጥሎ መበላት፣ በመጨረሻም መሰበር ይከተላል። የተሰበረው ጥርስ በማርሾቹ መካከል ከተሰነቀረ ካምቢዮው ይቆለፋል። ፍሪሲዮኑ ከዚህ በፊት፣ በሞተሩ በኩል ያለ በመሆኑ እጀታውን መጨበጥ ጎማውን ነፃ አያወጣውም። ለባለ68ቱ ተብሎ የተሠራ ባለ23 ጥርስ በልዩ አምራቾች ዘንድ ይገኛል፤ ከ200 ሲሲው የተፈታው ግን ምትክ አይሆንም።

የካምቢዮው ውስጥ

በእነዚህ ሞተሮች አራቱ ማርሾች ምንጊዜም ከአቻዎቻቸው ጋር እንደተነካከሱ ናቸው። በዋናው ዘንግ ላይ ልቅ ሆነው ይዞራሉ። ዘንጉ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ በውስጡ የሚንሸራተት መስቀል መሰል ብረት የተፈለገውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር ያቆላልፋል። የመስቀሉ ጠርዝ ሲበላ ማርሹ ዳገት ላይ ይዘላል።

አዲስ መስቀል መግዛት ርካሽ መፍትሔ ነው። ነገር ግን በ1984 «አርኮባሌኖ» የተባለው ተከታታይ ሲወጣ መስቀሉና ማርሾቹ ተለውጠዋል። የፊተኛውን ከኋለኛው መደባለቅ አይቻልም፤ መለወጥ ካስፈለገ በሙሉ ስብስብ ነው።

በአንድ ተከታታይ ውስጥ ግን የታወቀና ጠቃሚ መዋዋስ አለ። የ200 ሲሲው አራተኛ ማርሽ 35 ጥርስ ሲኖረው የ125ቱ 36 አለው። ባለ36ቱን በ200 ሲሲው መግጠም አራተኛውን 3 በመቶ ያህል ያሳጥረዋል፤ ዳገት ላይ ወደ ሦስተኛ መመለስን ይቀንሳል።

ማርሾቹ በዘንጉ ላይ ከተደረደሩ በኋላ በቀለበት ወይም በሮንዴላ የሚስተካከል ክፍተት ይቀራል። የፋብሪካው ልክ ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 0.50 ከደረሰ ወፍራም ቀለበት ያስፈልጋል። ከተለያዩ ሞተሮች የተሰባሰቡ ማርሾች ሲገጠሙ ይህን ልኬት መዝለል ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ከስኩተር ወደ ባለሦስት እግር

የስኩተሩ ዋና ዘንግ ጫፉ ላይ አንድ ጎማ ይሸከማል። ባለሦስት እግሩ ግን ኃይሉን በዲፈረንሻል ለሁለት የኋላ ጎማዎች ያካፍላል፤ የኋላ ማርሽም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዋናው ዘንግና የማርሽ መምረጫው ከስኩተር አይዋሱም። የፍሪሲዮን ሸራ፣ የብረት ዲስክ፣ ሞላና ጓርኒሲዮን ግን ልካቸው ተመሳክሮ ሊሸጋገሩ ይችላሉ። የ125ና የ150 ሲሲዎቹ የቀድሞ ፍሪሲዮን ባለስድስት ሞላ፣ የ200 ሲሲው ባለሰባት ሞላና በስፋትም ትልቅ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ዛሬ በከተሞቻችን የሚታዩት ባለአራት ምት ባጃጆች ሌላ ሞተር ናቸውና ከዚህ ቤተሰብ ጋር መዋዋስ አይታሰብም።

ከመግጠም በፊት

• የሁለቱንም ሞተሮች የሞዴልና የሞተር ቁጥር መዝግቡ። «ከ150 የወጣ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ማስረጃ አይደለም።
• ጥርሶችን ቁጠሩ፤ ትንሹንና ትልቁን ጥርስ በጥንድ ብቻ ለውጡ።
• በኮሎው ላይ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቁልፍ ተመልከቱ፤ ከተበላች አዲስ ይግባ።
• የቡሽ ሸራዎቹን ከመግጠማችሁ በፊት በዘይት አርሱ።
• ለካምቢዮው 30 ቁጥር ተራ የማዕድን ዘይት ተጠቀሙ። ማለስለሻ ቅመም የበዛበት የመኪና ዘይት ቡሹን ያንሸራትታል።
• ሁሉ ታስሮ ሳያልቅ አራቱንም ማርሽ በእጅ እያዞራችሁ ፈትሹ።

የወለቁትን ዕቃዎች መጣል አይገባም። ከየት ሞተር እንደወጡ ጽፎ ማስቀመጥ ቀጣዩን ባለቤትና መካኒክ ከግምት ያድናል፤ ተሽከርካሪውን ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስ ለሚፈልግም መነሻው እነርሱ ናቸው።