ስለ ጭቃ ቤት እድሳትና ስለ ባለቤትነት

ስለ አገራችን ቤቶች ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የአሠራራቸው ነገር ነው፤ ይኸውም መሠረቱ እንዴት እንደ ተጣለ፣ ምሰሶው እንዴት እንደ ቆመ፣ ክዳኑም በምን እንደ ተከደነ ነው። የጭቃ ቤት ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ ስለዚህ ዕድሜው የሚለካው በሠሪው ጥበብ ብቻ ሳይሆን በአዳሹም ትጋት ነው። የእድሳትን ልማድ መመርመር ቤቱ የማን እንደ ሆነ፣ እጁን ሊያሳርፍበትም መብት ያለው ማን እንደ ሆነ መመርመር ማለት ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ በአዲስ አበባ ከተማ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ይዟል።

በደጋውና በወይና ደጋው አገር፣ በትግራይና በላስታ እንደሚታየው የድንጋይ ግድግዳ ካልተለመደ በቀር፣ ቤት የዕንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ቋሚዎቹ ዕንጨቶች በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተደርድረው ይተከላሉ፤ በማገርም ይያያዛሉ፤ ማገሩ በልጥ ወይም በሐረግ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ በሚስማር ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል። የተቦካው ጭቃ ወዲያው አይለጠፍም፤ እስኪብላላ ድረስ ጥቂት ቀን ተከምሮ ይቈይና ዳግመኛ ይረገጣል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት አያይዞ ከመሰንጠቅ ያድነዋል፤ መብላላቱም አጣባቂ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ምርጊት በዕንጨቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ይኸው ሲደርቅ መሰንጠቁ ስለማይቀር፣ ሁለተኛውና ቀጭኑ ምርጊት ይከተለዋል።

እንዲህ ያለው ቤት ሁለት ደካማ ቦታዎች አሉት፤ እነርሱም ራሱና እግሩ ናቸው። ክዳኑ ካፈሰሰ ውሃው ወደ ግድግዳው ወርዶ ጭቃውን ያሟሟዋል። ከጣራው ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ ደግሞ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን ግርጌ ያርሳል፤ ዘወትር የሚርሰውም ዕንጨት ይበሰብሳል። ስለዚህ አዋቂው ባለቤት ግርጌውን በድንጋይ ይከባል፤ ውሃው የሚሄድበትንም ቦይ በየክረምቱ መግቢያ ይጠርጋል። ቋሚው ከበሰበሰ ግን ቤቱን ማፍረስ ግድ አይሆንም። ጣራው በባላ ይደገፋል፤ በበሰበሰው ዕንጨት ዙሪያ ያለው ጭቃ ይራገፋል፤ አሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ይተከልና ቦታው እንደገና ይመረጋል። በዚህ አኳኋን የቤቱ ዕንጨቶች አንድ በአንድ ሲለወጡ ቤቱ ግን ያው ቤት ሆኖ ይኖራል።

የሥራው ክፍፍልና ወራቱም በልማድ የተወሰነ ነበረ። ዕንጨት መቍረጥ፣ መትከልና መክደን የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ ወለሉን በእበት መለቅለቅና ግድግዳውን ማስዋብ በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነበረ። የክዳኑ ሣር ክረምቱ ካለፈና ከበሰለ በኋላ ይታጨዳል፤ ክዳኑም የሚታደሰው በበጋ ነው። ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል፣ ለፋሲካና ለሠርግ ደግሞ ቤቱ ይለቀለቃል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው እንደ ክዳን ያለ ሥራ ሲያጋጥም ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ጠሪውም ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ያስተናግዳል። በወንፈል ጊዜ ግን የተደረገው እርዳታ በዚያው መጠን የሚመለስ ብድር ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ጣራ መታደስ የሰፈሩን የርስ በርስ ግዴታም ያድስ ነበረ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ይህ ልማድ ወደ ከተማዋ ገባ፤ ነገር ግን የሚሠራባቸው ዕቃዎች ተለወጡ። በአካባቢው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስላለቀ፣ በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው ባሕር ዛፍ ስፍራውን ያዘ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎም ይወጣል፤ ሆኖም መሬት ውስጥ ሲቀበር እንደ ጥድና እንደ ወይራ ምስጥና እርጥበት አይችልም። በዚህም ምክንያት ዕንጨቱ በቀላሉ ሲገኝ፣ የእድሳቱ ጊዜ ግን ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ የቆርቆሮ ክዳን ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ አገር ዕቃ ማስገባት ቀለለ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስላለው ለክብ ቤት አይመችም፤ ስለዚህ ክዳኑ ሲለወጥ የቤቱም ቅርጽ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተለወጠ። በሣር ክዳን ቤት የምድጃው ጢስ ሣሩንና ወራጆቹን ከተባይ ይጠብቅ ነበረ፤ በቆርቆሮው ቤት ግን ጢሱ ጥቅም ስለሌለው ማድ ቤቱ ለብቻው ወደ ጓሮ ወጣ። በሣር ፈንታ በየሚስማሩ ቀዳዳ ላይ ሬንጅ መቀባት የበጋ ተግባር ሆነ። ዝጎ የወረደው ቆርቆሮም አይጣልም፤ ለአጥርና ለማድ ቤት ይውላል። ኮርኒስ፣ ሊሾ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ የሚባሉት ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት፣ አዲሱ የጥገና ሙያ በምን መንገድ እንደ ገባ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

በከተማ ውስጥ ግን ነዋሪው ሁሉ ባለቤት አልነበረም፤ ብዙው ተከራይ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአከራይና በተከራይ መካከል የጥገናን ግዴታ ለይቶ ሲደነግግ፣ ትንንሹን ጥገና በተከራዩ ላይ፣ የቀረውን በአከራዩ ላይ አደረገ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች የቀበሌ ቤት ለመባል በቁ።

አዋጁ የብዙ ድኾችን ኪራይ አቃልሎላቸዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በእድሳት በኩል ያስከተለው ነገር ግን ከባድ ነው። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳይጨመር የቈየው አነስተኛ ኪራይ ቤቶቹን ለመጠገን የሚበቃ አልነበረም። ነዋሪው ደግሞ በገዛ ገንዘቡ ቢያድስ፣ ያደሰው ቤት የርሱ አይሆንም። ስለዚህ ብዙው ሰው ከሁለት ሐሳብ መካከል ሆነ፤ ካላደሰ ይፈርስበታል፣ ካደሰም በማያዘው ንብረት ላይ ሀብቱን ያፈስሳል። ከዚህ የተነሣ እድሳቱ ወደ ውስጥ ዞረ። ከውጭ ግድግዳው አዝምሞ ጭቃው ሲረግፍ፣ ከውስጥ ግን ኮርኒሱ በአቡጀዲ ተወጥሮ፣ ግድግዳው በወረቀት ተለብጦ ይታይ ነበረ። ይህን አይቶ ነዋሪውን ሰነፍ ነው ማለት የሕጉን ውጤት በጠባይ ማመካኘት ይሆናል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ነገሩን በሌላ መልክ አስነሡት። አዋጅ ቍጥር 370/1995 የግል የሆነውን ቤት የጋራ ከሆነው ክፍል ለየ። ቤቶቹ የውስጥ ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ለዕድለኞች ስለሚሰጡ፣ ባለቤቱ ወለሉንና ቀለሙን በገዛ ወጪው ይፈጽማል፤ ጣራውና ደረጃው ግን የሁሉም ስለ ሆነ ማን ያድሰው የሚለው ጥያቄ በጎረቤቶች ስብሰባ ላይ ይነሣል። በቀድሞው ዘመን ጣራው የአንድ ሰው ሆኖ ሥራው የጋራ ነበረ፤ በዚህኛው ግን ጣራው ራሱ የጋራ ሆኖ፣ ሥራውን የሚጠራው ሰው አልታወቀም።

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል የንብረት ጌታን፣ የትዳር ጓደኛን፣ በሰዋስውም አድራጊውን ያመለክታል። ቋንቋው ቤት መያዝንና ማድረግን በአንድ ቃል ሲያስተባብር፣ የከተማው ታሪክ ግን ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በልደታና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከነርሱም ጋር ባላ መደገፍንና ጭቃ ማብላላትን የሚያውቁ ሰዎች ተበትነዋል። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን መዝጋቢ አያጡም፤ የእነዚህ ሰዎች ሙያና ቃላት ግን ከባለሙያዎቹ አፍ ተሰምቶ ካልተጻፈ፣ ከፈረሰው ግድግዳ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነው።