ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ ባያጣፍጥም

በእኛ አካባቢ «ታጣፊ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ክላሽ ነው። ሰሞኑን ግን ሌላ ታጣፊ ወሬ ሆኗል፤ ምድጃ። ሲታጠፍ ከመጽሐፍ የማይበልጥ፣ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ጭራሮ እየበላ ቡና የሚያፈላ ትንሽ የብረት ምድጃ። ቅዳሜና እሑድ ጦሳን የሚወጡ፣ አልፈውም ድንኳን ይዘው ተራራ የሚያድሩ ወጣቶች ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ሲቀመጡ «የቱን ብንገዛ ይሻላል?» ይባባላሉ።

ጥያቄው የገበያ ይመስላል። ለእኔ ግን የታሪክም ጥያቄ ነው። መንገደኛ እሳቱን ከየት ያመጣል? እንጨቱስ የማን ነው? በወሎ ምድር ሠራዊት ባለፈ፣ ተፈናቃይ በሰፈረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። ዋጋውን ብዙ ጊዜ የከፈለው ደግሞ ከድስቱ ያልቀመሰ ሰው ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋን ሠራዊት የቀጠሩት እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እስከ አድዋ በእግሩ የተጓዘው ሕዝብ ምድጃ አልተሸከመም። አያስፈልገውምም። ድስቱንና ምጣዱን ሴቶችና አጋሰሶች ይሸከማሉ፤ ከሰፈሩበት ሜዳ ሦስት ድንጋይ ይለቀማል፤ ጉልቻ ይሆናል። ሲነሡ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ከዚህ የቀለለ ምድጃ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ክብደቱ ዜሮ ነው።

ከጉልቻም የሚበልጥ ብልሃት ነበር፤ እሳቱን ከቤት ጨርሶ መውጣት። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ሁሉም ከመንገድ በፊት እሳት ያዩ ናቸው። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ዳቦ ቆሎ ከኪስ ወጥቶ ይበላል። ስንቅ የሚባለው ነገር ዋና ምሥጢሩ ይህ ነው። ማገዶው ሰው ቤት ውስጥ ነድዶ አልቋል፤ መንገድ ላይ የሚፈለገው ውሃ ብቻ ነው።

ትኩስ ዳቦ ላማረው ደግሞ ብርኩታ አለ። ድንጋይ እሳት ውስጥ ይግላል፣ ሊጥ ይጠቀለልበታል፣ ተመልሶ ፍም ላይ ይቀመጣል። ውስጡ በድንጋዩ፣ ውጭው በፍሙ ይበስላል። ምጣድም ምድጃም ሳይኖር ዳቦ ይገኛል። እረኛና ነጋዴ በዚህ ኖሯል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እንጨቱ ላይ። ጉልቻ ክብደት ባይኖረውም ሆዱ ሰፊ ነው። በሦስት ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ሙቀቱን ይወስደዋል፤ ከሚነደው እንጨት ኃይል ድስቱ ጋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ ሲሆን ይቻላል። በአስር ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት አንድ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ግን የአካባቢው ቁጥቋጦ በቀናት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ተራው የገበሬው አጥርና የጎጆው ማገር ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት ባጠኑት ጽሑፍ የሠራዊት ማለፍ ለገበሬ ምን ያህል መከራ እንደነበር በስፋት አሳይተዋል። ምኒልክ ከአድዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው የአሥራት ግብር ያቆሙትም ወታደሩ ገበሬው ቤት እየገባ መብላቱን እንዲተው ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሌላ መንገድ ተከተለ። ጄኔራል ናፒየር ከሕንድ ዝሆን ሳይቀር አስጭኖ መጥቶ፣ በየመንገዱ ለእህልና ለከብት መኖ በማሪያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ አለፈ። ገበሬው ገበያ አገኘ፤ ጦሩም በሰላም አለፈ። የመኖውን ዋጋ ከፍሎ የገባ ጦር የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ግን ዘርፎ መውጣቱን አንረሳም። ቢሆንም ለማገዶና ለመኖ መክፈል እንደሚቻል በዚያው ዘመን፣ በዚሁ ተራራ ታይቷል።

የማገዶ ዕዳ ቤተ መንግሥትንም አንቀጥቅጧል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት እንጨት አጠራት። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆማት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። አንድን ዋና ከተማ ከቦታው ሊያስነሣ የደረሰው ጠላት ሳይሆን የጉልቻ ሆድ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕዝቡ ራሱ ይህን ዕዳ የሚቆጣጠርበት ሥርዓትም ነበረው። ከእኛ በስተደቡብ መንዝ ጓሳ ላይ፣ የቀሮ ሥርዓት የሚባለው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩንና ለማገዶ የሚሆነውን ቁጥቋጦ ለዓመታት ዘግቶ ያቆይ ነበር። የሚከፈተው በአባ ቀሮዎችና በባለመብቶቹ ስምምነት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጓሳ ዛሬም ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ምድር ነው። እንጨት ባለቤት አለው የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ሆነ። አውሮፕላን በሰማይ ሲዞር የጉልቻ ጭስ የወጥ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሠራዊቱ የት እንዳለ የሚናገር ምልክት ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1936 መሆኑ ነው፣ ጀርመን አገር ኤሪክ ሹም የሚባል ሰው ኤስቢት የተባለች ታጣፊ ምድጃ አወጣ። ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ እንደ ክኒን ባለ ነጭ ነዳጅ ትሠራለች፤ ጭሷ እዚህ ግባ አይባልም። የጀርመን ወታደር ይዟት ዘመተ። ከዛሬዎቹ ታጣፊ ምድጃዎች ቀደምት ዘመዶች አንዷ ናት። ዛሬ የሽርሽር ዕቃ ብንላቸውም የጦር ሠራዊት ዕቃም ነበሩ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከደሴ ሲወጣ ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። ጉልቻው ግን እንደነበረ ቀጠለ። ለውጥ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ ስላለው ከቆርቆሮ ብቻ ከሚሠራው ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ የሚሆነው፣ በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ትክክል የተባለው ደግሞ ለወጥና ለቡና የሚሆን፣ ትንሽ እንጨት በጠባብ በር የሚጎርስ ምድጃ ነው።

እዚህ ላይ ፖለቲከኞቻችን የሚወዱትን ተረት ላንሣ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ ሹም ሲሻር ሹም ሲተካ። ለወጡ ጣዕም እውነት ነው። ለማገዶው ግን ተረቱ ስቷል። ጉልቻው ሲለወጥ ወጡ ያው ሆኖ የሚፈጀው እንጨት በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ተረቱን ያወጣው ወጡን የቀመሰ ሰው መሆን አለበት፤ እንጨቱን የተሸከመችው ብትጠየቅ ሌላ ትል ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠለለ። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ራሳቸው ከተሞቹ ጋ ሲደርስ አስጠላጊውም ተፈናቃይ ሆነ። በጥድፊያ ከቤት የወጣ ሰው ልጁን ያዝላል እንጂ ምድጃ አይሸከምም። ዳቦ ቆሎ የሚያዘጋጅበት ጊዜም የለውም። የሚሰጠው የእርዳታ ስንዴ ደግሞ ጥሬ ነው፤ ካልፈሉት ወይም ፈጭተው ካልጋገሩት አይበላም። የአድዋ ዘማች የበሰለ ስንቅ ይዞ ወጣ፤ የዘመናችን ተፈናቃይ ጥሬ ስንዴ ተሰፍሮለት ማገዶውን ራስህ ፈልግ ተባለ። ፈላጊዋ ብዙውን ጊዜ እናት ወይም ልጃገረድ ናት፤ የምትፈልገውም ከማታውቀው ሰው ደጅና ከማታውቀው ጫካ ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ ልመለስ። የቱ ይገዛ?

መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ። ባለ አንድ ግድግዳው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በደንብ የሚታጠፈውም እሱ ነው። ባለ ሁለት ግድግዳው በግድግዳዎቹ መካከል አየር አሙቆ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ያስገባል። ጭስ ማለት ያልነደደ እንጨት ነው፤ ያ ትኩስ አየር ጭሱን መልሶ ያነድደዋል። እንጨት ይቆጥባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይታጠፍም። የምታበስሉት ለሁለት ሰው ቡና ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል።

ቀጥሎ ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከጎን ድስት ሳይነሣ ጭራሮ የሚጨመርበት በር እንዳለው ተመልከቱ። ድስት ሲቀመጥበት የሚወላገድ ከሆነ ቢቀልም ይቅርባችሁ። በጣም ስስ ቆርቆሮ በጥቂት እሳት ይጣመማል፤ ከዚያ አይታጠፍም። ከሁሉም በላይ ድንኳን ውስጥ አታንድዱት፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ተኝቶ ያስቀራል።

የከፍታውንም ነገር አስቡ። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደሴ ላይ በ92፤ ከባሕር ጠለል 4,500 ሜትር ላይ በ85 አካባቢ። ደጋ በወጣችሁ ቁጥር ባቄላና ምስር ለመብሰል ይቆያሉ፤ ማገዶም ይበላሉ። በዚያ ላይ ደጋው ጫፍ ላይ ያለው እንጨት አስታ ነው፤ እሱም በዝግታ የሚያድግ። የአገሬው ሰው ራሱ ኩበት የሚያነድድበት ቦታ ላይ የእንጨት ምድጃ ይዞ መውጣት የሌላውን ድርሻ መውሰድ ነው። ለዚያ በሶ ያዙ፤ ወይም እንጨታችሁን ከታች ገዝታችሁ ተሸከሙ።

የመጨረሻው ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም። ከውጭ በውድ የሚመጣው ይህ ዕቃ ሲዘረዝሩት አራት አምስት የተቆረጠ ቆርቆሮና ጥቂት ማጠፊያ ነው። ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠሩ የከተሞቻችን ባለሙያዎች ሥዕሉን ቢያገኙ የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም። ለአደጋ ጊዜ ስንዴና ዘይት የሚያከማች መሥሪያ ቤት ከስንዴው ጎን ምድጃ ቢያስቀምጥ፣ የሚመጣው ተፈናቃይ ማገዶ ፍለጋ የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። መምጣቱ አይቀርም ማለቴ አይደለም፤ አያምጣው። ግን ታሪካችን ሦስት ድንጋይ ላይ ሲያበስል እንጨቱን ማን እንደከፈለ ያሳየናል፤ አራተኛው ጊዜ ላይ «አላወቅንም» ማለት አንችልም።

ቸር ያሰማን።